የሉብና ስምንት ደቂቃ

ሐሙስ ጠዋት «ተሻለች ሻይ ቤት» ውስጥ ክርክሩ የተጀመረው ሻዩ ሳይቀርብ ነው። የሐይቅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን እሑድ ውጫሌ ላይ ከአምባሰል ቡድን ጋር ለዋንጫ ይጫወታል። ማን ያሸንፋል የሚለውን ግን ማንም አላነሳም። ሰዉን ለሁለት የከፈለው ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ሉብና ለምንድን ነው የማትገባው?

ባጃጅ ነጂው ሀሚዱ ለሉብና ከሚሟገቱት ሁሉ የባሰ ነው። ስለ እሷ ማውራት ከጀመረ ተሳፋሪ ቆሞ ቢጠብቀው እንኳ አይነሳም። ከኮምቦልቻ ጋር በተደረገው ጨዋታ ስምንት ደቂቃ ብቻ ተሰጥቷት አሥራ አራት ነጥብ አገባች፤ ይህችን ልጅ ሃያ ደቂቃ ቢሰጧት ምን ልትሠራ ነው እያለ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። መድኃኒት ቤት የሚሠራው፣ ወንዱ የሚባለው ጓደኛው ደግሞ ረጋ ብሎ ነው የሚመልስለት። ሉብና ገና የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ በእሷ ቦታ የምትጫወተው ማርያማዊት ሰባት ዓመት ሙሉ ቡድኑን ተሸክማ ኖራለች፤ ተስፋ ደግሞ ነጥብ ሆኖ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጅን በችኮላ ሜዳ ሲያስገቡት ምን እንደሚመጣ እዚሁ ከተማ አይተናል አለ።

ባድሩ በበሩ የገባው ይህን ጊዜ ነው። ወሬው ተቋረጠ። ወንዱ የጠቀሰው እሱን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ባድሩ ከአምስት ዓመት በፊት ሐይቅ ያፈራችው ምርጥ ተጫዋች ይባል ነበር። አንድ ቀን ደሴ ላይ ጉልበቱን እያመመው ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ደጋፊው ስሙን እየጠራ ጮኸ፤ አሰልጣኙም አስገባው፤ እሱም እሺ ብሎ ገባ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ዘሎ ሲወርድ ከጉልበቱ ውስጥ የሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። በዋናው መንገድ ዳር በተከራያት የቆርቆሮ ክፍል ባጃጅ ይጠግናል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የሴቶቹን ቡድን ያግዛል። ሉብናን ከሀ ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከእሱ ቃል በላይ የሚታመን ቃል ሐይቅ ውስጥ የለም።

ሀሚዱ ወንበር ሳበለትና እውነቱን እንዲናገር ለመነው። አንተ ካልክ እኔም ዝም እላለሁ አለው።

ባድሩ የቀረበለትን ብርጭቆ በሁለት እጁ ያዘ።

«አልደረሰችም» አለ። «ትንሽ ይቆያት።»

ወንዱ ራሱን ነቀነቀ። ሀሚዱ አንገቱን ደፋ፤ ቃሉን ስለሰጠም ዝም አለ። ባድሩ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።  የተናገረው ውሸት እንደሆነ በዚያች ከተማ የሚያውቅ ሰው አንድ እሱ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ውሸት አልነበረም። ሉብና ከሦስት ዓመት በፊት ረጅም፣ ቀጭን፣ እጇንና እግሯን የት እንደምታደርጋቸው የማታውቅ ልጅ ሆና ወደ ሜዳ ስትመጣ፣ ቀስ ብላ ትደግ ያለው ከልቡ ነው። ያን ጊዜ «ጋሼ ባድሩ» ትለው ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ብርድ ጣት እያደነዘዘ፣ በግራ እጅ ኳስ ማንጠርን፣ ወገብ ዝቅ አድርጎ መከላከልን አስተማራት። ከዓመት ወዲህ «ጋሼ» የሚለው ቀረ። መቼ እንደቀረ ሁለቱም አላስተዋሉም። ስልኳ ቤት ውስጥ ከእጅ እጅ ስለሚዞር የምትለውን ነገር በወረቀት እየጻፈች በኳስ ከረጢቱ የጎን ኪስ ትከትለት ጀመር። እሱም በዚያው ይመልስላታል። ፍቅር የሚለውን ቃል አንዳቸውም ጽፈውት አያውቁም። ያልጻፉት ከሁሉ በላይ የሚያነቡት እሱን ስለነበር ነው።

አባቷ ሐጂ አብዱልመናን ናቸው፤ በከተማዋ ትልቁ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የእሳቸው ነው። የሐይቅን ቅርጫት ኳስ ሜዳ ሲሚንቶ የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ በየጨዋታውም ፊት ለፊት ተቀምጠው ልጄን አስገቡልኝ እያሉ ከሀሚዱ እኩል ይከራከራሉ። ባድሩ ግን የአርዲቦ ገበሬ ልጅ ነው፤ እናቱ ዛሬም እዚያው ናት። ከሐጂ ጋር ሲገናኝ በዘይት የተለወሰ እጁን ከኋላው ይደብቃል።

ከኮምቦልቻው ጨዋታ ወዲህ ሉብና እንደ ደረሰች ባድሩ ያውቃል። በዚያች ስምንት ደቂቃ ውስጥ ያየውን ነገር እሱ ራሱ በጤናው ዘመን አልሠራውም። የፈራውም ያን ዕለት ነው። ሀሚዱ ያን ጨዋታ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው፤ ሰው ተቀባበለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አሰልጣኙ ቲቸር ፈንታሁን ባድሩን ወደ ጎን ጠርቶ፣ ቪዲዮውን ያየ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ እሑድ ሰው እንደሚልክ ነገረው። ልጅቷ እንዳትደናገጥ ለማንም እንዳይናገር አደራ አለው። ከጅምሩ ላስገባት አስቤያለሁ፤ አንተ ታውቃታለህና ስንት ደቂቃ ትችላለች፤ በግሸኗ ማርያም እውነቱን ንገረኝ ብሎ ጠየቀው።

ከወር በፊት ሉብና ልምምድ ላይ ወድቃ ግራ ጉልበቷ አብጦ ነበር፤ በማግስቱ ለቋታል። ባድሩ ያችን የአንድ ቀን እብጠት አነሳት።

«ጉልበቷን ያማታል፣ ቲቸር» አለ። «እንዳያወጧት ብላ ትደብቃለች። ከስምንት ደቂቃ በላይ ካስገቧት እንደኔ ትሆናለች።»

ፈንታሁን ፊቱ ተለወጠ። ከአምስት ዓመት በፊት ደሴ ላይ ባድሩን ሜዳ ያስገባው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም አልጠየቀም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ልምምድ ሲያበቃ በከረጢቱ ኪስ ውስጥ ደብዳቤ ነበረ። ባድሩ ሜዳው ዳር ቆሞ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ አነበበው።

«ቲቸር ዛሬ ስላየኝ ዓይን ልንገርህ» ይላል። «እንደ በሽተኛ ነው የሚያየኝ። ምን አጥፍቼ ነው? አባዬ ጎበዝ ነሽ ይለኛል፣ አባቴ ስለሆነ ነው። ሀሚዱ ጎበዝ ናት ይላል፣ ሀሚዱ ስለሆነ ነው። አንተ ግን አልደረሰችም ማለትህን ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩህም። ማንም ያላለኝን እውነት የምትለኝ አንተ ብቻ ነህ። ምን እንደጎደለኝ ጻፍልኝ። እሠራበታለሁ። ማልጄ እነሳለሁ።»

ምን እንደጎደላት ሊጽፍ ቁጭ ብሎ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። የሚጽፈው ጠፋ። የሚጎድላት ነገር አልነበረም። ቀና ሲል ከሜዳው በር ላይ ቆማ እያየችው ነው። ከሩቅ ፈገግ አለች። እሱም ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

እሑድ ጠዋት ደጋፊው በሦስት ሚኒባስ ተጭኖ ውጫሌ ገባ። የገበያ ቀን ባይሆንም መንገዱ በሰው ሞልቷል፤ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ዙሪያ ሰው እንደ አጥር ቆሟል። ባድሩ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጫፍ ተቀምጦ ሕዝቡን በዓይኑ ፈለገ። በተቃራኒው በኩል ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ከማንም ጋር የማያወራ፣ ማስታወሻ ደብተር ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሰው አየ። ያ ሰው ከኮምቦልቻው ጨዋታ በቪዲዮ ያየውን ነገር ዛሬ እዚህ ቢያይ፣ ባድሩ ጠዋት ጠዋት በዚያ ብርድ ወደ ሜዳ የሚወርድበት ምክንያት ያበቃል። ሉብና ትሄዳለች፤ አዲስ አበባ ትውጣታለች፤ በከረጢቱ ኪስ ውስጥ ከዚያ በኋላ ኳስ መንፊያ ብቻ ነው የሚገኘው።  ለጉልበቷ ነው የፈራሁት ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ እሱም ግማሽ እውነት ስለሆነ ያምነዋል።

የመጀመሪያው ሩብ አለቀ። ሉብና ጥቁር ሻሿን አጥብቃ፣ ክርኖቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የሁለተኛው ሩብ አጋማሽ ላይ አምባሰሎች በአሥራ አንድ ነጥብ መሩ። ማርያማዊት ደክማለች፤ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል። የሐይቅ ደጋፊ ሉብናን፣ ሉብናን እያለ መጮኽ ጀመረ። ሀሚዱ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። በመጨረሻ ሐጂ አብዱልመናን ከወንበራቸው ተነስተው፣ በትራቸውን ይዘው እስከ አሰልጣኙ ድረስ መጡ። 

ይህች ልጅ ምን አድርጋችሁ ነው እንደ ዕቃ የምታስቀምጧት ብለው ጠየቁ። ፈንታሁን ሊሸሽጋቸው አልፈለገም።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ጉልበቷን ያማታል። ደብቃ ነው። ባድሩ ባይነግረኝ ኖሮ አስገብቼ አጠፋት ነበር።»

ሐጂ በትራቸው ላይ ተደገፉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ወዲያው ጠፍቶ ድንጋጤ ተተካበት። ወደ ባድሩ ዞሩ፤ አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ልጄን አተረፍክልኝ አሉት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ሉብና ከሦስት እርምጃ ርቀት ሁሉንም ሰምታለች። ግራ ጉልበቷን አየች፤ እንደማታውቀው ነገር በእጇ ዳበሰችው። ከዚያ ቀና ብላ ባድሩን አየችው። ያ አስተያየት ቁጣ ቢሆን በተሻለው ነበር። የጠፋባትን ነገር በሰው ፊት ላይ እንደምትፈልግ ነበር ያየችው፤ እሱም ዓይኑን ሰበረ።

በእረፍቱ ሰዓት የውሃ ጀሪካኖቹ ከተደረደሩበት ከአንድ የመማሪያ ክፍል ጀርባ ጠበቀችው። ኩባያ ይዛለች፤ ውሃ ግን አልቀዳችበትም።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ» አለች። «የፈራኸው ለጉልበቴ ነው ወይስ ለራስህ?»

ባድሩ ሊዋሽ ይችል ነበር። ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሱ ላይ ነበር፤ የደሴውን ቀን ቢያነሳላት ታምነዋለች፣ ምናልባትም ታለቅስለታለች። እሷ ግን ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች፤ ይህን ያህል ቀርባ ቆማ አታውቅም።

«ለራሴ» አለ። «ነጭ ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ከአዲስ አበባ ክለብ ነው የመጣው። አንቺን ሊያይ። ዛሬ ከተጫወትሽ ትሄጃለሽ።»

«ስለዚህ ቀድመህ አስቀረኸኝ።»

«አዎ።»

ኩባያውን ጀሪካኑ ላይ አስቀመጠችው። 

«ቅሪ ብትለኝ ኖሮ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አላውቅም፣ ምናልባት እቀር ነበር። አንተ ግን አልደረሰችም አልክ። ሰው ሁሉ ጎበዝ ነሽ ሲለኝ እኔ፣ ባድሩ ካለ እውነት ነው እያልኩ ራሴን ስጠራጠር ከረምኩ። ወላሂ፣ ከጉልበቴ ይልቅ የሰበርከው ያን እምነቴን ነው።»

መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። ባድሩ ግድግዳውን ይዞ ትንሽ ቆመ። በሕይወቱ ብዙ ፈርቶ ያውቃል፤ ሐኪሙ ጉልበቱን አይቶ ራሱን ሲነቀንቅ ፈርቷል፤ አርዲቦ ላይ እናቱ ታማ መንገድ ሲዘጋ ፈርቷል። እንዲህ ግን አልፈራም። የፈራው ነገር ሳይመጣ እሱ ራሱ እንዳመጣው አሁን ገባው።

ወደ ፈንታሁን ሄዶ ሁሉንም ነገረው። ጉልበቷ ደህና ነው፤ የዋሸሁት እንዳትሄድ ነው፤ እወዳታለሁ አለው።  ፈንታሁን አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ልጅ ጉልበት ሲጸጸት የኖረ ሰው ነው፤ ባድሩም በዚያ ጸጸት ተጫውቶበታል። ሲናገር ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«ከዚህ ወንበር ተነስ» አለው።

ባድሩ ተነስቶ ከደጋፊው መሐል ከሀሚዱ ጎን ቆመ። ሦስተኛው ሩብ ሲጀምር ማርያማዊት ወጥታ ሉብና ገባች። ማርያማዊት ስትወጣ የልጅቷን ጀርባ መታ መታ አድርጋ በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ውጫሌ ያለ ሰው ዛሬም ያወራዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኳሶች ሳተች፤ እግሯ ተሳሰረ። ባድሩ የሳተችበትን ምክንያት ስለሚያውቅ መሬት ይውጠኝ አለ። ሦስተኛውን ግን ከሩቅ ወርውራ አገባች። ከዚያ ያ የኮምቦልቻው ነገር መጣ። በግራ ስትሄድ ሁለት ሰው አለፈች፤ ወደ ቀኝ ስትዞር አንዷ ተደነቃቅፋ ወደቀች። አሥራ አንዱ ነጥብ ስድስት ሆነ፣ ከዚያ ሦስት። ባለ ነጭ ኮፍያው ሰውዬ መጻፉን ትቶ ቆመ። ሀሚዱ አልጮኸም፤ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነበር የሚያየው። ባድሩ ግን ስትዘል ይቆጥራል፤ ስትወርድ ትንፋሹን ይይዛል። እያንዳንዱ ዝላይ ደሴ ነበር።

በአራተኛው ሩብ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ አንዲት ረጅም ተከላካይ በአየር ላይ ገፋቻት። ሉብና በግራ ጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። አልተነሳችም።

 ባድሩ አፉ ውስጥ የደም ጣዕም መጣበት፤ ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ያማታል ብሎ ነበር። በሐሰት የጠራው በእውነት መጣ ብሎ አሰበ፤ ክፉ ንግግሩ እንደ እርግማን ደረሰባት። ያ አላህ፣ የኔን ሌላውንም ጉልበት ውሰድ፣ የሷን ተውላት አለ፤ ሀሚዱ ሰማው። ሐጂ ወደ ሜዳው ሊገቡ ሲሉ ሁለት ሰዎች ደገፏቸው። ማርያማዊት ሮጣ ሄዳ ተንበረከከች። ደቂቃ ይሁን ሰዓት ያልታወቀ ጊዜ አለፈ። ከዚያ ሉብና የማርያማዊትን ትከሻ ይዛ ተነሳች፤ እግሯን ዘረጋች፣ አጠፈች። ሱሪዋ ተቀዷል፤ ጉልበቷ ተገሽልጦ ይደማል፤ ሌላ ምንም አልነበረም። የተሰጧትን ሁለት የቅጣት ውርወራዎች አገባች።

ሐይቅ በአንድ ነጥብ ተሸነፈች። የመጨረሻው ኳስ ከሉብና እጅ ወጥቶ የቅርጫቱን ብረት ዞሮ ዞሮ ወደ ውጭ ወደቀ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ክርክሩ እንደገና ተነሳ። ሀሚዱ ከጅምሩ ገብታ ቢሆን ኖሮ አሁን ዋንጫው ጭናችን ላይ ነበር አለ። ወንዱ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ልጅቷ ደርሳለች፣ ግን ባድሩም እንደኛው ነው የተሳሳተው አለ። ባድሩ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ እኔ አልተሳሳትኩም፤ እያወቅኩ ነው ያስቀመጥኳት አላቸው። ለምን እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም። ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰው። 

ስምንት ቀን አለፈ። ልምምድ አልሄደም፤ ፈንታሁንም አልጠራውም። ሀሚዱ ባጃጁን ሌላ ጋራዥ ማሠራት ጀመረ። የክለቡ ሰው ሐጂን ቤታቸው ድረስ ሄዶ እንዳነጋገረ ወሬው ደረሰው፤ ምን እንደተባለ ግን የሚያውቅ የለም። ባድሩ ጎማ ሲፈታ፣ ብሎን ሲያጠብቅ፣ በመንገዱ ላይ ባለፈ ኮቴ ሁሉ ይደነግጣል። የሉብናን መሄድ ከሄደች በኋላ መስማት ፈርቷል፤ ሳትሄድ ማየትም ፈርቷል።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ሐጂ አብዱልመናን ብቻቸውን መጡ። ባድሩ ተነስቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሰላምታውን መለሱለትና አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። በልጄ ላይ ዋሽተሃል አሉት። አዎ አለ። ምክንያቱንም ከእኔ አፍ ይስሙት ብሎ ሳይቀንስ ሳይጨምር ነገራቸው። እስኪጨርስ አላቋረጡትም። ባድሩ በትሩ የሚነሳ መስሎት ነበር፤ ቢነሳም ራሱን ሊያሸሽ አላሰበም።

ሐጂ ግን በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«እኔ በየጨዋታው አስገቡልኝ እያልኩ እጮሃለሁ» አሉ። «ስትገባ ግን ዓይኔን ነው የምጨፍነው። ይህን ለእናቷም አልነገርኳትም። ያ ሰውዬ ልጅቷን ስጡን ሲለኝ እምቢ ልለው አፌን ከፈትኩ። ሁለት ጊዜ። ምክንያት አላጣሁም፤ ሴት ልጅ ናት፣ አገሩ ሩቅ ነው፣ መንገዱ አይታመንም እላለሁ። ያን ጊዜ አንተ ትዝ አልከኝ። እንደዚያ ልጅ አልሆንም ብዬ እሺ አልኩት።»

 ሐጂ ተነሱ። ረቡዕ ጠዋት ትሄዳለች አሉት፤ መጥተህ ፊት ለፊት ተሰናበታት፣ በግድግዳ ጥግ ሆነህ እንዳታያት። ስለ ሌላው ጉዳይ እኔ ዛሬ የምለው የለኝም፤ ካላትም እሷ ናት የምትለው። ይህን ብለው በመንገዱ ዳር ዳር እያሉ ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት የደሴው ሚኒባስ ቆሞ ይጭናል። ከደሴ አዲስ አበባ የሚሄደውን አውቶቡስ ትይዛለች። እናቷ ከሴቶች ጋር ቆመው ያለቅሳሉ፤ ሐጂ ከሹፌሩ ጋር ሻንጣው የት እንደሚጫን ይነጋገራሉ። ባድሩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በዋናው መንገድ መሐል መጣ። ሁሉም አየው። ሉብና ካለችበት ሳትንቀሳቀስ ጠበቀችው፤ እጇን ግን አልዘረጋችለትም።

«ይቅር አላልኩህም» አለች።

«አውቃለሁ።»

ለትንሽ ጊዜ ሁለቱም የሚጫነውን ዕቃ አዩ። ከዚያ ወደ እሱ ሳትዞር፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ተናገረች። ትናንት ልብሷን ስታሽግ እጇ አልታዘዝ እንዳላት፣ እዚያ አንድም የምታውቀው ሰው እንደሌለ፣ ከእሷ የሚበልጡ አሥር ልጆች እንዳሉ ነገረችው። ምናልባት ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው፤ ምናልባት በወሩ ይመልሱኛል አለች።

«ፈርቻለሁ ባድሩ» አለች። «ለአባዬ አብሽር፣ ምንም አልፈራም ብዬዋለሁ። ለአንተ ነው የነገርኩህ። ለምን ላንተ እንደሆነ አላውቅም።»

ቅሪ የሚለው ቃል ከአፉ ጫፍ ደረሰ። ያን ያህል ቀላል ቃል አጋጥሞት አያውቅም። አሁን ቢላት፣ በዚህ ፍርሃቷ ላይ ቢጨምርላት፣ ሻንጣው ሊወርድ እንደሚችል አወቀ። 

«ሂጂ» አላት።

አሁን ዞረች። ፊቱን በደንብ አየችው፤ የሚዋሽ መሆን አለመሆኑን እየፈተሸች ነበር። ከዚያ፣ ከእንግዲህ ስትፈራ ለሌላ ሰው ከመዋሸትህ በፊት ለእኔ ንገረኝ አለችው።

«አሁን ልንገርሽ?»

«ንገረኝ።»

ባድሩ ነገራት። እንዳትረሳው እንደሚፈራ፣ ስልክ ስትደውል ድምጿ የእንግዳ ድምፅ እንዳይሆንበት እንደሚፈራ ነገራት። ነገ ጠዋት ወደ ሜዳ ቢወርድ እግሩ እንዳይከዳው፣ ባይወርድ ደግሞ ቤቱ እንዳይጠበው እንደሚፈራ ነገራት። በሩቅ ሜዳ ላይ ወድቃ እሱ ሳያይ እንዳትቀር፣ ተነስታም እሱ ሳያይ እንዳይቀር። እንደምወድሽ የነገርኳቸው ቲቸርና አባትሽ ናቸው፣ ለአንቺ ሳልነግር መቅረቴንም እፈራለሁ አላት። ሉብና አንገቷን ደፍታ ሰማችው። አብሽር አላለችውም። እኔም እወድሃለሁም አላለችም። ሰው ሁሉ እያየ፣ አባቷ እያዩ፣ የሸሚዙን የቀኝ እጅጌ ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘችና ረዳቱ ተሳፋሪ ግቡ እስኪል ድረስ አልለቀቀችውም።

ሚኒባሱ በደሴ መንገድ ታጥፎ ከዓይን ራቀ። ሰው ተበተነ፤ ሐጂ የልጃቸውን እናት ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። ባድሩ ግን ቀኝ እጁን ሳያንቀሳቅስ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ የያዘችው የእጅጌው ጭምድድ እንዳይፈታ ሰግቶ ነበር።